ፀሐይ ናት የምትዞረው ወይስ ምድር?



በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን በአንድ የዐቢይ ጾም ማታ በቢቸና ከተማ በአንድ ቤተ ሰብ መካከል የተነሣው ክርክር ከልቡናዬ አልወጣ ስላለኝ፣ ያንን አቆይቼ ይህን ላስቀድም ወደድሁ። ክርክሩ የአንድ ቤት ክርክር ቢመስልም፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የዘመናዊ ትምህርት ቤት ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ሁሉ የሚነሣ ነውና፣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የዚያ ቤት አባወራ እህል ነጋዴ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተቀኙ፣ ባሕረ ሐሳብንም ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የዘለለ ካህን ናቸው፤ አገሩ ሁሉ መምሬ ይላቸዋል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ በ6ኛ ክፍል የሚማር፣ ዳዊት የደገመ፣ ለዲቁና የሚዘጋጅ ብላቴና ነው። በዚያ ማታ ልጁ ደብተሩን ገልጦ፣ «ፀሐይ አትንቀሳቀስም፤ የምትዞረው ምድር ናት» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያጠና ነበር። መምሬም ከመደባቸው ላይ ሆነው ሰሙና፣ «ልጄ፣ ኢያሱ በገባዖን ላይ እንድትቆም ያዘዘው ማንን ነው? ፀሐይን ነው ወይስ ምድርን?» ብለው ጠየቁት። ልጁም እንደ ልጅነቱ፣ «አባባ፣ አንቱ የተማሩት የድሮ ነው፤ የእኛ መጽሐፍ አዲስ ነው» ብሎ መለሰ።

አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ ተነሥቶ ልጁን በጥፊ መታው። ከዚያም፣ «ከነገ ጀምሮ ወይ ትምህርት ቤቱን ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ምረጥ» አለው። ልጁ ምንም አልመለሰም። ሦስት እሑድ ተከታትለው ሲያልፉ ግን ወደ ቅዳሴ አልሄደም፤ ዳዊቱም ከተሰቀለበት ሳይወርድ ሰነበተ። መምሬ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቷቸው ኖሮ፣ ከማስተምርበት ከሞጣ ለጉዳይ ወደ ቢቸና በወረድሁ ጊዜ አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ሁለቱንም ቤት ቀምሰሃል፤ በእኔና በዚህ ሕፃን መካከል ፍረድ» አሉኝ።

እኔ ለመፍረድ የሚያበቃ ማዕርግ የለኝም። የልጁ ሕመም ግን ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት፣ አንድ መምህር ፀሐይ ማታ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀን። እኔም እጄን አውጥቼ፣ ከመጽሐፈ ሄኖክ እንደ ሰማሁት፣ በምዕራብ ካሉት ከስድስቱ በሮች በአንዱ እንደምትገባ ተናገርሁ። መምህሩ ሣቀ፤ ክፍሉም ተከትሎ ሣቀ። ስሕተቴ ምን እንደ ሆነ ያስረዳኝ ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ከትምህርት ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱንም ከቤተ ክርስቲያኑ እየደበቅሁ ኖርሁ። የአባት ጥፊና የመምህር ሣቅ የተለያዩ ቢመስሉም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ልጁ መጠየቅን እንዲተው ያደርጉታል። ስለዚህም ለመምሬና ለልጁ የነገርኋቸውን፣ ከእነርሱም የተማርሁትን፣ ለእናንተ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ በግቢው መካከል አንድ ቀጥ ያለ በትር ተከልን። ወሩ መጋቢት ስለ ነበረ፣ ቀትር ላይ የበትሩ ጥላ አጥሮ ወደ ሰሜን ተኝቶ አየነው። ለልጁም እንዲህ አልሁት፦ በታኅሣሥ ብታየው ኖሮ ይህ ጥላ እጅግ ረዝሞ ታገኘው ነበር። ከዛሬ ወዲያ ግን እያጠረ ይሄድና፣ በቢቸና ሚያዝያ 9 ቀን ገደማ ቀትር ላይ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ፀሐይ በአናት ላይ ትሆናለችና። ከዚያ በኋላ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይተኛል፤ ነሐሴ 20 ቀን ገደማም እንደ ገና ይጠፋና ወደ ሰሜን ይመለሳል። ሞጣ ከቢቸና ወደ ሰሜን ስለምትርቅ፣ በዚያ ጥላው የሚጠፋው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን ገደማ ነው።

መምሬ ይህን ሁሉ በጸጥታ ከሰሙ በኋላ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ጥላ እኔ በጾም ሰዓቱ መድረሱን ለማወቅ በጫማ ስለካው የኖርሁት ነው። ማጠሩንና መርዘሙን አውቃለሁ። ነገር ግን ጥላ የዞረው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። ፀሐይ ብትሄድም ጥላው ይዞራል፤ ምድር ብትዞርም ጥላው ይዞራል። አንተ የዞረችው ምድር መሆኗን በምን ዐወቅህ?»

አንባብያን ሆይ፤ የክርክሩ ሥር ይህ ነው። መምሬ የጠየቁት ጥያቄ የታላላቅ ፈላክያን ጥያቄ ነበር፤ መልሱም በአንድ ቀን አልተገኘም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የሳሞስ ሰው አሪስታርኮስ፣ ፀሐይ በመካከል እንዳለች ምድርም በዙሪያዋ እንደምትሄድ ተናግሮ ነበር፤ የሚቀበሉት ግን ጥቂቶች ሆኑ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ደግሞ በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ምድርን በመካከል አቁሞ፣ ጨረቃን፣ ዐጣርድን፣ ዝሁራን፣ ፀሐይን፣ መሪኅን፣ መሽተሪንና ዙሐልን በየተራቸው በዙሪያዋ አዞረ። ይህ ሥርዓት 1,400 ዓመት ያህል ጸና። የጸናውም ሰዎቹ ሞኞች ስለ ነበሩ አይደለም። በዚህ ሥርዓት የሚያሰሉ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ግርዶሽ አስቀድመው ይናገሩ ነበር፤ ምድርን ማቆማቸውም በቂ የሚመስል ምክንያት ነበረው።

አንደኛው ምክንያት፣ ምድር የምትዞር ብትሆን በአየር ላይ ያለ ወፍ ወደ ኋላ በቀረ፣ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይም ከተወረወረበት ቦታ ርቆ በወደቀ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነው፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድ ከሆነች፣ ከዋክብትን በመስከረም ከአንድ ስፍራ፣ በመጋቢት ከሌላ ስፍራ እናያቸዋለንና፣ ከዋክብቱ ቦታቸውን የለወጡ ሊመስሉን ይገባ ነበር። ይህን ለመረዳት ጮቄን ተመልከቱ። ጮቄ ከቢቸና ሲያዩት በምዕራብ በኩል ይታያል፤ ከሞጣ ሲያዩት ግን በደቡብ በኩል ነው። ተራራው አልሄደም፤ ቦታ የለወጠው ተመልካቹ ነው። እንግዲያስ ከዋክብቱ እንደ ጮቄ አቅጣጫቸውን ለምን አይለውጡም? በጥንቱ ዘመን ለዚህ ጥያቄ በመለካት መልስ የሰጠ ማንም አልነበረም።

ከዚያም በእኛ አቆጣጠር 1535 ዓ.ም. ሆነ። በዚያ ዓመት በአገራችን ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ጦርነት ግራኝ አሕመድን ድል አደረጉ። በዚያው ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1543፣ በፖላንድ አገር በፍሮምቦርክ ካቴድራል ያገለግል የነበረው ኒኮላስ ኮፐርኒከስ ስለ ሰማያዊ አካላት መዞር የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖረ፣ መጽሐፉንም ለሮማው ጳጳስ መታሰቢያ ያደረገ ሰው ነው።

ኮፐርኒከስን ያሳሰበው አንዱ ነገር የመሪኅ፣ ማለት የማርስ አካሄድ ነበር። ይህ ኮከብ ከሌሎቹ ከዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ይቆይና፣ አንዳንድ ጊዜ ቆሞ፣ ለጥቂት ወራት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደ ገና ወደ ፊት ይሄዳል። በጥሊሞስ ይህን ለማስረዳት በክበብ ላይ ሌላ ክበብ መጨመር ግድ ሆኖበት ነበር። ኮፐርኒከስ ግን ቀለል ባለ መንገድ አስረዳው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሁለት በቅሎ የሚጓዙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። ፈጣኑ ሰው ዘገምተኛውን ደርሶበት በሚያልፍበት ጊዜ፣ ዘገምተኛው ከሩቁ ተራራ አንጻር ሲታይ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል፤ እርሱ ግን ወደ ፊት እየሄደ ነው። ምድር ፈጣኗ በቅሎ ናት፤ መሪኅም ዘገምተኛው።

ነገሩ ያማረ ቢሆንም ማስረጃው ገና አልተሟላም ነበር። ስለዚህ ታላቁ የዴንማርክ ሰው ቲኮ ብራሄ ሁለቱን አስታረቀ፤ ሌሎቹ ሁሉ በፀሐይ ዙሪያ እንዲዞሩ፣ ፀሐይ ደግሞ እነርሱን ይዛ በቆመችው ምድር ዙሪያ እንድትዞር አደረገ። የቲኮን ልኬት የወረሰው ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1609 የመሪኅ መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን አስታወቀ። በ1610 ደግሞ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳየው መነጽር፣ ማለት በቴሌስኮፕ፣ በመሽተሪ ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን አየ። ዝሁራንም፣ ይኸውም እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትን፣ ተመለከታት፤ እርስዋም እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ አገኛት። እንዲህ ሆና ልትታይ የምትችለው በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ከሆነች ብቻ ነው።

ጋሊሌዮ ሁለቱን አሳቦች በውይይት መልክ የጻፈበት መጽሐፍ የታተመው በእኛ አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁበት ዓመት ነው። በማግሥቱ ዓመት ጋሊሌዮ በሮም ፍርድ ቆመ፤ የምድርን መዞር እንዲክድም ተገደደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በቤቱ በግዞት ኖረ። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992፣ የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የዚያ ዘመን ዳኞች መሳሳታቸውን በግልጥ ተናገሩ። ይህን የማወሳው የሌላውን ቤት ነውር ለመቍጠር አይደለም። አንድን የልኬት ጥያቄ በሥልጣን ለመዝጋት መሞከር ምን ያህል ዘመን የሚቆይ ጸጸት እንደሚያመጣ ለማሳየት ነው። በቢቸናው ቤት የሆነውም፣ መጠኑ አነስተኛ ይሁን እንጂ፣ ዐይነቱ ያው ነበር።

እንግዲህ የመምሬን ጥያቄ በመጨረሻ የመለሰው ምንድር ነው? የወፉን ነገር ጋሊሌዮ ራሱ አስረድቶታል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሎሚ ወደ ላይ ብትወረውሩ ተመልሶ በእጃችሁ ይወድቃል እንጂ ወደ ኋላ አይቀርም፤ ሎሚውም ከአውቶቡሱ ጋር እየሄደ ነውና። በቢቸና ያለ ሰው በምድር መዞር ምክንያት በሰዓት 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ አየሩም፣ ወፉም፣ ድንጋዩም አብረውት ስለሚጓዙ ምንም አይሰማውም።

የከዋክብቱን ነገር ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ጀርመናዊው ቤሴል መለሰው። አንዲት ደካማ ኮከብን ለወራት ያህል ደጋግሞ ለክቶ፣ በእርግጥ በዓመቱ ውስጥ ቦታዋን ጥቂት እንደምትለውጥ አገኘ። የተለወጠችው ከአንዲት ዲግሪ 1/10,000 ያህል ብቻ ነው። ቀደምት ሊቃውንት ሊያዩት ያልቻሉት ስለዚህ ነው፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበረ፤ መለኪያ ግን አልነበራቸውም። የዚያች ኮከብ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 11 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው።

ምድር በራስዋ ዛቢያ መዞርዋን በዐይን የሚያሳየውን ነገር ደግሞ ፈረንሳዊው ፉኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 በፓሪስ አሳየ። በ67 ሜትር ሽቦ ላይ 28 ኪሎ የሚመዝን ድቡልቡል ብረት ሰቅሎ፣ ዲያቆን ጽና እንደሚያወዛውዝ ወዲያና ወዲህ እንዲወዛወዝ ለቀቀው። ብረቱን የሚገፋው ምንም ሳይኖር፣ የመወዛወዙ አቅጣጫ ቀስ በቀስ ሲዞር ታየ። የዞረው ግን ከበታቹ ያለው የምድር ወለል ነበር። እንደዚህ ያለ ብረት በፓሪስ በ32 ሰዓት ያህል አንድ ዙር ይፈጽማል፤ በቢቸና ቢሰቀል ግን ከምድር ወገብ ስለምንቀርብ አምስት ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል።

መምሬ የጽናውን ምሳሌ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ወደ ልጁ ዘወር ብለው፣ «እንግዲያስ አንተ ረታህ ማለት ነው» አሉት።

እኔ ግን፣ «አይደለም መምሬ፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ አልረታም» አልኋቸው። ልጁ ያጠናው፣ ፀሐይ አትንቀሳቀስም የሚል ነበርና። ፀሐይ ግን ትሄዳለች። ምድርንና ሌሎቹን ፕላኔቶች ሁሉ አስከትላ፣ ፍኖተ ሐሊብ በምንለው በታላቁ የከዋክብት ጉባኤ ማእከል ዙሪያ በሴኮንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ አንዱን ዙር ለመፈጸምም ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ኮፐርኒከስም ፀሐይን የዓለም ሁሉ መካከል አድርጎ ማቆሙ ልክ አልነበረም። ስለዚህ ልጁ «የእኛ መጽሐፍ አዲስ ነው» ብሎ መመካቱ አያዛልቀውም፤ አዲስ መጽሐፍ ነገ ያረጃልና።

ከዚያ በኋላ የኢያሱ ጥያቄ ቀረ። ይህን የመለሱት ግን መምሬ ራሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ እኛ አንድም አለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአባቶቻችን የትርጓሜ ሥርዓት በአንድ ቃል ላይ አንድም እያለ ምሥጢርን ሲደራርብ የኖረ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ለሰው ሲናገር ሰው በዐይኑ እንደሚያየው ይናገራል። ዛሬም ትልቁ ፈላኪ ለሚስቱ ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ጠለቀች ይላል እንጂ፣ ምድር ወደ ምሥራቅ ዞረች አይልም፤ እንዲህ በማለቱም ውሸታም አይባልም። የኢያሱም ታሪክ የሚያስተምረን እግዚአብሔር የሰውን ልመና መስማቱን ነው እንጂ የፈለክን ስሌት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስም በአክሲማሮስ ድርሳኑ ስለ ምድር ቅርጽና ስለ ልኳ የተከራከሩትን ጠቅሶ፣ ሙሴ ስለዚህ ዝም ማለቱ ክብሩን እንደማይቀንሰው አስተምሯል። ይህንም ያለው ኮፐርኒከስ ከመወለዱ ከ1,000 ዓመት በፊት ነው።

አባቶቻችን መጽሐፍን ማክበርና ቀንን መቍጠር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በተግባር አሳይተውናል። መጽሐፈ ሄኖክ በምሉዕነት ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቈጥረዋለች። በእርሱ ውስጥ ዓመቱ 364 ቀን ነው፤ ረጅሙ ቀንም የሌሊቱን እጥፍ ያህላል። የእኛ ዓመት ግን 365 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በቢቸናም ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው እንጂ የሌሊቱን እጥፍ አይሆንም። አባቶቻችን ሄኖክን አልጣሉም፤ ቀኑን ግን በ365 ቀን ከሩብ ቈጠሩ።

ባሕረ ሐሳቡንም ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ቀመር በእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለነበረው፣ ከበጥሊሞስ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በዚያችው ከተማ ለተሾመው ለቅዱስ ድሜጥሮስ ትሰጠዋለች። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ ነነዌም ጥር 25 ቀን ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ፀሐይ ናት የምትዞረው ወይስ ምድር የሚል ጥያቄ ከቶ የት አለ? የትም የለም። ምድር ዞረች ተብሎ የሚፈርስ የአባቶች ቀመር የለም።

ቀመሩ የሰማይን ልክ በየሴኮንዱ የሚከታተል አለመሆኑንም መሸሸግ አይገባም። አራቱ ዘመናት የሚለወጡት በ25ኛው ቀን ነው፤ ፀደይም የሚተካው ከመጋቢት 25 ቀን በኋላ ነው፤ ይህም በኒቅያ ጉባኤ ዘመን ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉበት ጊዜ ጋር ይስማማ ነበር። ዛሬ ግን ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 11 ቀን ገደማ ነው። ምክንያቱም 365 ቀን ከሩብ ከእውነተኛው ዓመት 11 ደቂቃ ያህል ስለሚበልጥ፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይጠራቀማል። አውሮፓውያን ይህን ለማረም በ1582 ዐሥር ቀን ዘለሉ፤ እኛ ግን በአንድነት መጾምንና በአንድነት ማክበርን መርጠን በአባቶች ቍጥር ጸናን። ይህ ምርጫ ነው፤ አለማወቅ አይደለም። ለልጆቻችንም በዚህ መልክ ብንነግራቸው ይገባቸዋል።

የነገሩ ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 9 ቀን ልጁ በቢቸና፣ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር በሞጣ፣ ሁለት ሁለት ሜትር የሚረዝም በትር ተከልን። የእውነተኛው ቀትር ሰዓት በእኛ አገር በእጅ ሰዓት ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያ ጊዜ ልጁ ስልክ ደውሎ፣ «የኔታ፣ ጥላው ጠፋ!» አለኝ። በእኔ በትር ግርጌ ግን ወደ ሰሜን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ነበረ። ይህ ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ግማሽ ጥቂት ይበልጣል፤ ሞጣ ከቢቸና በቀጥታ ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህን ይዞ የሚያሰላ ሰው የምድርን ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ያገኘዋል። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ በእስክንድርያና በአስዋን መካከል ያደረገው ይህንኑ ነበር። የጥላው ጠርዝ ደብዘዝ ስለሚል የልጁ ስሌት ከዚህ ቍጥር በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ራቀ። ሆኖም የሄደበት መንገድ ቀና ነበር።

ጥላው በጠፋ ጊዜ መምሬ በወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ እንደ ነበር ልጁ ነገረኝ። ያንን ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ በትር ከገበያ መርጦ ገዝቶ ያመጣው፣ ጕድጓዱንም ቈፍሮ የተከለው አባትየው ነው። ስለ ጥፊው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ልጁም አልጠየቀውም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ሦስቱም አብረው ቅዳሴ ሄዱ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት የምትከብዳችሁን ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ወይ ይህን ወይ ያን ምረጥ አትበሉት። የማታውቁት ከሆነ አላውቀውም በሉት፤ ከሚያውቅ ጋር አገናኙት። እናንተም የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ አንድ ተማሪ ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን በክፍል ቢናገር አትሣቁበት፤ ያ ልጅ የበጥሊሞስን ጥያቄ ይዞ መጥቶ ይሆናልና፣ ጥያቄው እንዴት እንደ ተመለሰ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዱት።

ሚያዝያ 9 ቀን በየዓመቱ ይመጣል። በቢቸና ያላችሁ በደጃችሁ በትር ትከሉ፤ በሞጣ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉና ተደዋወሉ። አረጋውያን አባቶችንም ወንበር አውጥታችሁ በአጠገቡ አስቀምጧቸው፤ ጥላን በጫማ ሲለኩ የኖሩ እነርሱ ናቸውና።